ከጋብቻ በፊት የተሠራ ጡረታ በስተርጅና ፍቺ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ሃምሳን አልፎ ሁለተኛ ትዳር የመሠረተ ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ ሚስቱ ሞታበት፣ ሌላዋ ልጆቿ ዓረብ አገር ሄደው ቤቱ ጭር ብሎባት፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ሰማንያ ይፈረማል ወይም ኒካህ ይታሰራል። በዚያ ሰሞን ስለ ጡረታ የሚያነሣ የለም፤ ማንሣቱም ነውር ይመስላል። ትዳሩ አልሆን ብሎ መለያየት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። አንደኛው ወገን «ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ጨብጬ ያገኘሁትን ልካፈል ነው?» ይላል። ሌላው ወገን «እኔስ ያስታመምኩት፣ ቤቱን ያቆምኩት ከንቱ ሊቀር ነው?» ይላል።

እኔ እንደሚታየኝ ሁለቱም የሚጨቃጨቁት ትንሹ ነገር ላይ ነው። የጡረታው መብት ራሱ ለሁለት ተከፍሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ሌላ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ በትዳሩ ዘመን የወጣው የጡረታ ብር ምን ተሠራበት የሚለውና ባለጡረታው ሲሞት የተተኪ አበሉ፣ ማለትም ለትዳር ጓደኛው የሚቀጥለው ክፍያ፣ ለማን ይሆናል የሚለው። ከታች ያሉትን መንገዶች የማወዳድረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

መጀመሪያ ሕጉ

ወሎ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ የወጣው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሌላ ነው። መሠረታቸው ይመሳሰላል፣ የአንቀጽ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ራፖር ጸሐፊው የፌዴራሉን ቁጥር ገልብጦ እንዳይሰጥዎ «ከክልሉ አዋጅ አውጣልኝ» ይበሉት።

መሠረቱ ይህ ነው። በጋብቻው ቀን በእጅ የነበረ ንብረት የግል ነው። በትዳር ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣም የግል ነው። በትዳር ዘመን የተሠራበት ገቢ ግን የጋራ ነው፤ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም እንዲሁ። ከጋብቻ በፊት የተሠራ ቤት የግል ሆኖ ኪራዩ የጋራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ጠንካራ ግምት አለ፦ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም ቢሆን የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይወሰዳል። ማስረዳት ያለበት «የኔ ነው» የሚለው ነው።

ጡረታው በሌላ ሕግ ይመራል። ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። መብቱ የሠራተኛውና የተተኪዎቹ ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በዕዳም እንደ ልብ አይያዝም፣ እንደ ቀለብና የመንግሥት ግብር ባሉ ውስን ጉዳዮች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር። ለተፋታ የትዳር ጓደኛ ጡረታ ከፍሎ በየስሙ የሚልክ ሥርዓት በአዋጆቹ ውስጥ የለም። በትዳሩ ዘመን በየወሩ ባንክ የገባው ብር ግን ገቢ ነውና ከእሱ የተረፈው ቁጠባና የተገዛው ዕቃ የጋራ ሀብት ክርክር ውስጥ ይገባል።

«ጡረታህ ላንተ፣ ንግዴ ለኔ»

ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ጡረታውን ጨርሶ ከሒሳብ አውጥቶ በትዳር የተፈራውን ብቻ እኩል መካፈል። ባለጡረታው ያገባው ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሆነ ከዚህ ሌላ መንገድ መፈለግ ድካም ነው፤ በትዳሩ ዘመን ለጡረታ የተጨመረ የአገልግሎት ዓመት የለምና የሚሰላ ድርሻም የለም።

ይህን የሚመርጥ ባል ግን አንድ ነገር ይርሳ ብዬ አልመክረውም። የሚስቱ ሱቅ ወይም ጉልት በትዳር ውስጥ ያስገባው ትርፍ የጋራ ነው፣ የእሱም የጡረታ ቁጠባ እንዲሁ። «ጡረታዬን አትንኪ፣ ሱቅሽን ግን እንቁጠረው» የሚል ክርክር ሽማግሌ ፊትም አይቆምም።

የትዳሩን ዓመታት አስልቶ በሌላ ንብረት ማካካስ

ያገባው ገና ሥራ ላይ እያለ ከሆነ ከጋብቻ በፊት የተሠራውና በትዳር ውስጥ የተጨመረው አገልግሎት ይደባለቃል። ሕጉ ጡረታውን ከፍሎ ባይሰጥም ተጋቢዎቹ ሲስማሙ ድርሻውን አስልተው በቤት ዕቃ፣ በቁጠባ ወይም በቦታ ማካካስ ይችላሉ። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንድ የደሴ መምህር በ52 ዓመቱ ሲያገባ 28 ዓመት አገልግሎ ነበር። በ60 ዓመቱ ሲወጣ አገልግሎቱ 36 ዓመት ሆነ። የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር ነው እንበል። የጡረታ ቀመሩ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ሲደመር 26 ጊዜ 1.25፣ 62.5 በመቶ ይመጣል። በወር 5,625 ብር መሆኑ ነው።

አሁን የትዳሩ ስምንት ዓመት ድርሻ ስንት ነው? እንደ አቆጣጠሩ ሦስት መልስ አለው።

ባል የሚወደው አቆጣጠር ይህ ነው፦ በ28 ዓመት ቢወጣ ኖሮ 52.5 በመቶ፣ ማለትም 4,725 ብር ያገኝ ነበር፤ ትዳሩ የጨመረው 900 ብር ብቻ ነው፤ ግማሹ 450 ብር።

ሚስት የምትወደው ደግሞ ይህ ነው፦ ሲያገባት ደመወዙ 9,000 አልነበረም፣ 6,000 ነበር። ያኔ ቢወጣ ጡረታው 3,150 ብር ነበር። የዕድገቱና የጭማሪው ጊዜ እሷ ቤት ይዛ የኖረችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ትዳሩ የጨመረው 2,475 ብር ነው፤ ግማሹ 1,237 ብር ከሃምሳ።

ሦስተኛው በዓመት ብዛት ማካፈል ነው። ከ36 ዓመት ስምንቱ የትዳር ነው፤ 5,625 ብር በ36 ተካፍሎ በ8 ሲባዛ 1,250 ብር፤ ግማሹ 625።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። በሁለቱ መካከል ስለሚያርፍ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ያለ ወረቀት ሊነገር ስለሚችልም ነው፤ የድሮ ደመወዝ ማስረጃ ፍለጋ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መመላለስም የለበትም። አንዱ ወገን ግን ከጋብቻ በኋላ ርዕሰ መምህር ሆኖ ደመወዙ በእጥፍ ካደገ የሚስት አቆጣጠር እውነት አለው፤ እዚያ ላይ ልትጸና ይገባል።

625 ብር በወር፣ በዓመት 7,500 ብር ነው። ለአሥር ዓመት ቢታሰብ 75,000። አሁን ይህን ግቢ ውስጥ በትዳር ዘመን ከተሠራች አንዲት ክፍል ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ብዙ ጊዜ የጡረታው ጠብ ከቤቱ ጠብ ያንሳል። ስለዚህ ሚስት «ጡረታውን ተውኩ፣ ክፍሏ ትሁንልኝ» ብትል ባል ሳይፈርም በፊት፣ ባልም «ክፍሏን ውሰጂ» ሲል ሚስት ሳትፈርም በፊት፣ ሁለቱንም በብር ይለኩ። ሳይለካ የሚፈርም ሰው «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» የተባለለት ነው።

የማልመክረው «በየወሩ 625 ብር እልክልሻለሁ» የሚለውን ነው። ሰውየው ሲሞት ይቆማል። በሕይወት እያለም ሲቀየም ይዘገያል፤ እሷም ለአንድ ወር ተቆራጭ መዝገብ ከፍታ ትመላለሳለች። ከተቻለ አንዴ የሚያልቅ ነገር ይሻላል።

ሳይፋቱ ተለያይቶ መኖር

ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ይህንን ነው፦ «በዚህ ዕድሜ ምን ፍርድ ቤት ያስኬዳችኋል፣ እሱ ከልጁ ጋር ይኑር፣ አንቺ እቤትሽ ተቀመጭ።» በተለይ የቆረቡ ሰዎች ፍቺ የሚለውን ቃል መስማት አይፈልጉም። ብዙ የተማረ ሰው ይህን ምክር ኋላ ቀር አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ቢያንስ በብር በኩል ሊናቅ አይገባውም እላለሁ።

ምክንያቱ የተተኪ አበል ነው። ባለጡረታ ሲሞት የትዳር ጓደኛው ከጡረታው 50 በመቶ ታገኛለች ወይም ያገኛል። ከላይ ባለው ምሳሌ 2,812 ብር ከሃምሳ ነው፣ በየወሩ። ሁለቱም አምርረው ከሚከራከሩበት 625 ብር ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ይህ መብት ደግሞ ጡረታው ከጋብቻ በፊት ተሠራ ወይም በኋላ ብሎ አይለይም፤ የሚጠይቀው በሞቱ ጊዜ ሚስት ወይም ባል መሆንን ነው። ፍቺው በተወሰነበት ቀን ይህ መብት ይቀራል። ባል በ70 ዓመቱ፣ ሚስት በ55 ዓመቷ ሲፋቱ ከሁሉ የሚበልጠውን የምታጣው እዚህ ላይ ነው፤ በክሱ ወረቀት ላይ ግን ስሙ እንኳ አይነሣም።

እንከኑም ቀላል አይደለም። ተለያይተው እየኖሩ ጋብቻው ጸንቶ ከቆየ ከዚያ በኋላ የሚፈራው ንብረትም የጋራ ነው የሚል ጥያቄ ይቀጥላል፣ ዕዳውም እንዲሁ። ልጆች በመሐል ገብተው ቤት ቢሠሩ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ከሞት በኋላ ያጣላል። በሌላ በኩል የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ በሁኔታ እንደፈረሰ የቆጠረባቸው ውሳኔዎች አሉ። ስለዚህ «ወረቀቱ አለኝ» ብሎ አሥር ዓመት ተራርቆ መኖር የተተኪ አበሉን ዋስትና አያደርገውም። መንገዱ የሚሠራው መጠያየቁ ላልተቋረጠ፣ በዓል ሲሆን ለሚገናኙ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ለሚደርስ ሰዎች ነው። ዱላ ወይም ስድብ ያለበት ቤት ውስጥ ግን ስለ ተተኪ አበል ብሎ መቆየትን አልመክርም።

መደበኛ ፍርድ ቤት ወይስ ሸሪዓ?

ለሙስሊም ተጋቢዎች ይህ ምርጫ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነው። በኒካህ የተጋቡ ሰዎች ሁለቱም ከፈቀዱ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። አንዱ ካልፈቀደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ልዩነቱ የችሎት ልዩነት ብቻ አይደለም፣ የሒሳቡ መነሻም ይለያያል።

በመደበኛው ፍርድ ቤት መነሻው «የጋራ ነው» የሚል ግምት ነው። በሸሪዓ ግን የባልም የሚስትም ሀብት የየግላቸው ነው። የባል ጡረታ የባል፣ የሚስት ሱቅ የሚስት። ሚስት የምትጠይቀው ያልተከፈለ መህር (ባል በኒካሁ ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ) ካለ እሱን፣ የዒዳ ጊዜ (ከፍቺ በኋላ ዳግም ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) ቀለቧንና በእርግጥ ከገንዘቧ ያወጣችውን ነው። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ዒዳዋ ሦስት ወር ነው፤ ቀለቡም ለዚያው ያህል ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ማን የቱን ቢመርጥ እንደሚሻለው ግልጽ ነው። የራሷ ጡረታ ያላት ነርስ ወይም ገቢው ደኅና የሆነ ሱቅ ያላት ሴት ሸሪዓው ሊጠብቃት ይችላል። ገቢ ሳይኖራት የባሏን ቤት ስትይዝ የኖረች ሴት ግን መደበኛው ፍርድ ቤት የሚሰጣትን ግማሽ እዚያ አታገኝም። ፈቅዶ ክርክር ከገቡ በኋላ «ተመለስኩ» ማለት ከባድ ስለሆነ የፈቃድ ቃል ከመስጠት በፊት ያለው ቀን ነው የማሰቢያው ቀን። ቃዲው ፊት ቀርቦ «ትስማሚያለሽ?» ሲባል በይሉኝታ «አዎ» የምትል እናት ብዙ ናትና ልጆቿ ቢያግዟት ደግ ነው።

ሽማግሌና አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) የሚያስማሙትን በተመለከተ፦ ማስታረቅም፣ የንብረት ክፍፍል ማስማማትም ይችላሉ። ፍቺውን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። እነሱ ፊት የተፈረመ የክፍፍል ስምምነት ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ካልጸደቀ በቀር አይተማመኑበት።

እስከ መጨረሻው መከራከር

ይህንን በአጭሩ ልለፈው። ሌላው ወገን ሀብት የደበቀ ከሆነ፣ ወይም በትዳር ዘመን የተገዛ ቦታ በልጁ ስም ካዛወረ፣ ክርክር ግድ ነው። ጉዳዩ በመዝገብ ላይ እያለ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት አጠባበቅ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ መጀመሪያ ቀን ይጠይቁ። ለጡረታው ድርሻ ብቻ ብሎ መከራከር ግን ለጠበቃና ለትራንስፖርት የሚወጣውን አይመልስም።

ፕሮቪደንት ፈንድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ባሉ የግል ድርጅቶች የሠራ ሰው ካለው ያለው ፕሮቪደንት ፈንድ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ። አሥር ዓመት ሳያገለግል ጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሰም ወርኃዊ አበል ሳይሆን አንዴ የሚሰጥ ዳረጎት ነው የሚያገኘው። እነዚህ እንደ ወርኃዊ ጡረታ አይደሉም። ባንክ ከገቡ በኋላ ተራ ገንዘብ ናቸው፣ ይካፈላሉ።

እዚህ ላይ ነው ከጋብቻ በፊት የነበረውን ማስረዳት ዋጋ የሚኖረው። አንድ ሰው ሲያገባ በፕሮቪደንት ፈንድ ሒሳቡ 84,000 ብር ነበረው፤ ሲወጣ 210,000 ሆነ እንበል። የ84,000ውን ቀን የሚያሳይ የድርጅቱ ደብዳቤ ካለው የግሉ መሆኑን ለማስረዳት አይቸገርም፤ ክርክሩ በ126,000ው ላይ ይሆናል። ደብዳቤው ከሌለ 210,000ውም የጋራ ተብሎ ሊገመት ይችላል። ከገንዘቡ ላይ ወጥቶ የሚስት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ የቆርቆሮውና የሚስማሩ ደረሰኝ፣ የአናጢው ምስክርነት፣ ከባንክ የወጣበት ቀን መግጠም አለባቸው። ቀኑ ከገጠመ ወጪው ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ካልገጠመ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ብቻ ይሆናል።

ስለ ቀን ካነሣን፣ ሁሉም ሒሳብ የሚነሣው ከጋብቻው ቀን ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የጋብቻ ወረቀቱም፣ የቀበሌው መዝገብም፣ የመሥሪያ ቤቱ ፋይልም የጠፋበት ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሰማንያው ምስክሮች፣ ኒካሁን ያሰሩት ሼህ፣ በሠርጉ ጊዜ የተነሣ ፎቶ፣ የዕድር መዝገብ ላይ ሚስት የተመዘገበችበት ቀን ይጠቅማሉ። የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ከጡረታ መለያ ቁጥር ጋር ከማኅበራዊ ዋስትናው ጽሕፈት ቤት፣ የባንክ ስቴትመንት ከንግድ ባንክ ይወጣል። ምስክሮቹም ዕድሜ የጠገቡ ናቸውና ነገሩ ሳይካረር ቃላቸውን መያዝ ይበጃል።

ልጅ ተከትሎ ውጭ ኖሮ እዚያ ጡረታ ያለው ሰው ጉዳዩ የዚያ አገር ነው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጡረታን በመቶኛ ከፍሎ ለተፋታው ወገን በስሙ ሊሰጥ ይችላል፤ የተፋታው ወገን የሚቸገር ከሆነም ከጋብቻ በፊት የተጠራቀመውን ሊነካ ይችላል። በስኮትላንድ ደግሞ በትዳር ዘመን የተጠራቀመው ብቻ ነው የሚቆጠረው። በአሜሪካ አሥር ዓመት የዘለቀ ትዳር የነበራት፣ 62 ዓመት የሞላትና ዳግመኛ ያላገባች የተፋታች ሴት በቀድሞ ባሏ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እስከ ግማሹ ልታገኝ ትችላለች፣ የእሱ ሳይቀነስ። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሰው ፊርማውን ስድስት ወር ቢያዘገይ አልፈርድበትም። ደሴ ላይ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ለለንደኑ ጡረታ ከፋይ ትእዛዝ አይሆንም።

ስምምነቱ እንዴት ይጻፍ

አብዛኛው ሰው የሚጽፈው «ንብረታችንን በስምምነት ተካፍለናል» የሚል አንድ መስመር ነው። ይህ መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መዝገብ ያስከፍታል። ጡረታው በስሙ ይጠራ፦ «ባል ከመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በየወሩ የሚያገኘው አበል ከእንግዲህ የባል ብቻ ነው፤ ለትዳሩ ስምንት ዓመታት ማካካሻ በትዳር ዘመን በግቢው ውስጥ የተሠራችው ክፍል ከነመግቢያዋ ለሚስት ሆናለች፤ እስከ ዛሬ በባንክ ያለው የጡረታ ቁጠባ እኩል ተከፍሏል።» ዓይነቱ ይህን ይመስላል። የክፍሏ መግቢያ መጠቀሱን አትናቁት፤ መተላለፊያ የሌላት ክፍል ተቀብላ በባሏ ልጆች በር ለምና የምትገባ ሴት ዕጣ እንዳይደርስ ነው። ከዚያ በየገጹ ይፈረም፣ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጽደቅ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ በሁለቱም እጅ ይግባ። የክፍሏ ስም ዝውውርም በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤት ይጀመር፤ ግብሯን ማን እንደሚከፍል ሳይነጋገሩ አይለያዩ።